ከሥራ ሰዓት ውጭ በማጨስዎ ሥራዎ ሲነካ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ሰውየው የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበር። የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ከፋብሪካው በር ወጣ፤ አስፋልቱን ተሻገረ፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲጃራ ለኮሰ። የሥራ ልብሱን አላወለቀም ነበር። በሳምንቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ጠርቶ «የድርጅቱን መልካም ስም የሚያጎድፍ ጠባይ» የሚል የስንብት ደብዳቤ ሰጠው። በዚያን ጊዜ እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በዚያው ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ኮሚቴ አባል ስለነበርሁ ደብዳቤውን ይዞ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ «በራሴ ሰዓት፣ በራሴ ገንዘብ ያደረግሁት ነገር ለእነሱ ምናቸው ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። የሄደበት መንገድ ግን ጎዳው። አንድ የክፍል ኃላፊ «ነገሩ ይብረድ፣ እኔው አስመልስሃለሁ» ስላለው አራት ወር ሙሉ ጠበቀ። ፍርድ ቤት ሲደርስ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ታግዶ ነበር። ገንዘብ አገኘ፤ ሥራውን አላገኘም። ቀኑን ቆጥሬ ልነግረው የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ አልነገርሁትም። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «የት ልሂድ?» ብሎ ስለሆነ ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ አነጻጽራለሁ።

አባቴ በትምባሆ ሳል ሲሠቃይ ያየሁ ሰው ነኝ፤ የሚያጨስ ሁሉ ቢተው ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ የሰው እንጀራ መቆረጥ ያለበት ሕግ በሚያውቀው ምክንያት ብቻ ነው።

ሕጉ የሚጠብቅዎት በምንድን ነው?

በአገራችን ሕግ ውስጥ «አጫሽ» ተብሎ በስሙ የተጠበቀ ሠራተኛ የለም። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው ብዙ ሰው ተሳስቶ ስለሚመጣ ነው። ደሴ ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ከዚያም «እዚህ አገር አጫሽን ማባረር በሕግ ክልክል ነው» የሚል ወሬ በስልክ ይደርሳል። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ የእኛ ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አሠሪ በመርህ ደረጃ ያለ ምክንያት ሠራተኛ ማሰናበት ስለሚችል፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግዛቶች ከሥራ ውጭ የሚያጨስን ሠራተኛ የሚጠብቅ የተለየ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው። የኮሎራዶና የኒው ዮርክ ሕጎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌላት በሚሺጋን ደግሞ አንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የኒኮቲን ምርመራ አናደርግም ያሉ ሠራተኞቹን አሰናብቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ አጫሾችን አይቀጥርም።

የእኛ ሕግ የቆመው በሌላ መሠረት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ምክንያት የማቅረብ ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 ይህንኑ ያዝዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 እንደሚለው የሥራ ውል በአሠሪው ሊቋረጥ የሚችለው ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከመሥራት ችሎታው ወይም ከድርጅቱ አሠራር ጋር የተያያዘ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቁት ጥፋቶች በአንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል፦ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ፣ አምስት ቀን መቅረት፣ ማጭበርበር፣ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሣት፣ ንብረት ማጥፋትና የመሳሰሉት። በአንቀጽ 14 ደግሞ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ወስዶ ወይም አልኮል ጠጥቶ በሥራ ቦታ ለሥራ ብቁ ሳይሆኑ መገኘት ተከልክሏል። ከሥራ ሰዓትና ከሥራ ቦታ ውጭ ሲጃራ ማጨስ በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ የለም።

ጥበቃዎ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አሠሪው በእጁ ሕጋዊ ምክንያት የለውም። በዚሁ አንቀጽ 27 መሠረት ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ጥፋት ያለውን ነገር ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈው ደግሞ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ቀሪ ይሆናል። ለሦስት ዓመት ሲያጨሱ እያየ ዝም ያለ አለቃ በአራተኛው ዓመት ተነሥቶ «አጫሽ ነህ» ቢል ይህ ሐሳብ ይጠቅምዎታል።

አንድ ክፍተት ግን አለ፤ በኋላ ስለምመለስበት ልብ ይበሉት። የአንቀጽ 26 ሁለተኛ ክፍል ለስንብት ፈጽሞ ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ይቆጥራል። የማኅበር አባልነት፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና፣ ዘር፣ ማኅበራዊ አቋም በዚያ አሉ። ማጨስ ግን የለም።

አሠሪው ትክክል የሚሆንባቸው ቦታዎች

«ከሥራ ውጭ» የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ ለራሱ እንደሚመቸው ይተረጉመዋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዝግ በሆኑ የሥራ ቦታዎች፣ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶችና በሕዝብ ማጓጓዣ ማጨስን ከልክሏል፤ ከበርና ከመስኮታቸው በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም እንዲሁ። ስለዚህ በምሳ ዕረፍት ከመጋዘኑ ጀርባ የተጨሰች ሲጃራ ከሥራ ውጭ አይደለችም። የጥበቃ ማማ ላይ የተጨሰችም አይደለችም። ወደ ጅቡቲ በሚወርድ የድርጅት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ረዳቱን አጠገብ አስቀምጦ የሚያጨስ ሾፌርም በሥራ ቦታው ላይ ነው።

ጥጥ፣ ክር፣ ቀለም ወይም ነዳጅ ባለበት ግቢ ደግሞ ነገሩ ከጨዋነት ጉዳይ ያልፋል። የአደጋ መከላከያ መመሪያን አለማክበር በአንቀጽ 14 የተከለከለ ጥፋት ነው፤ በአንቀጽ 27 በኩል ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ ለሚመጣ ሰው ክርክር አልመክርም። ብናኝ በሞላበት ክፍል አጠገብ ክብሪት የጫረ ሰው የሌላውን መቶ ሰው ሕይወት አስይዞ ነው የጫረው።

ከመምረጥዎ በፊት ራስዎን የት እንዳሉ ይመልከቱ

የሙከራ ጊዜ ላይ ከሆኑ ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው መንገዶች አብዛኞቹ ለእርስዎ ጠባብ ናቸው። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አሠሪው ለሥራው ተስማሚ አይደሉም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብትዎ ይችላል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ መጥተው የተቀጠሩ ብዙ ወጣቶች በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው ያለ ክርክር የሚወጡት። ለእነሱ ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ 60 ቀኑ እስኪሞላ በፋብሪካው በር አካባቢ አያጭሱ፤ ሞልቶ ሲያልፍ መብትዎ ይሰፋል።

ገና ለመቀጠር እያመለከቱ ከሆነ ጥበቃው ይበልጥ የሳሳ ነው፤ አዋጁ የሚጠብቀው የተቀጠረን ሠራተኛ ነውና። ቅጹ ላይ «ያጨሳሉ?» የሚል ጥያቄ ካለ ግን አይዋሹ። ማጨስዎ የስንብት ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ በሐሰት መሙላትዎ ግን የማጭበርበር ክስ መነሻ ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ሂድ ከተባሉም «አልሄድም» ብለው አይቁረጡ፤ አሠሪው በበቂ ምክንያት የሚጠይቀውን የጤና ምርመራ እምቢ ማለት ራሱ የተከለከለ ተግባር ነው። ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተጻፈው ወረቀት በኋላ ይናገራል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆኑ አዋጅ 1156 አይመለከትዎትም፤ የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ነው፤ አቤቱታቸውም በሌላ መስመር ይሄዳል። የቤት ሠራተኞችም እንዲሁ ከአዋጁ ውጭ ናቸው። በፓርኩ ውስጥ ያሉ የውጭ ባለሀብቶች ሠራተኞች ግን በዚሁ አዋጅ ሥር ናቸው። «እዚህ የኩባንያው ሕግ ነው የሚሠራው» የሚላችሁን አትስሙ።

አንድ ወረቀት ሳያነቡ ምርጫ ውስጥ አይግቡ፤ ኅብረት ስምምነቱን። አንቀጽ 27 ማኅበሩና አሠሪው በኅብረት ስምምነት ሌሎች የስንብት ጥፋቶችን እንዲጨምሩ ይፈቅዳል። የሥራ ደንብ የሚባለው አሠሪው ብቻውን የሚያወጣው ነው፤ ኅብረት ስምምነት ግን የእርስዎ ወኪሎች የፈረሙበት ነው። ሁለቱን ለይተው ይወቁ። «ደንባችን ይከለክላል» ሲባሉ የትኛው ደንብ እንደሆነ፣ በየትኛው ቁጥር እንደሰፈረ ያስነብቡ።

ሽምግልና፦ ለትንሽ ቤት ትልቅ መንገድ

ደሴ ውስጥ ከፋብሪካ ይልቅ የቤተሰብ ንግድ ይበዛል። አራዳና ፒያሳ ላይ ያለው ሱቅ፣ ሆቴሉ፣ ጋራዡ፣ ዳቦ ቤቱ ባለቤቱ በየቀኑ የሚገባበት ነው። እዚያ ሲጃራ የሚያጋጭዎ የድርጅት ገጽታ በሚባል ነገር አይደለም፤ በሃይማኖትና በነውር ነው። ሐጂ «ሲጃራ የሚሸት ልጅ እንግዳዬን አያስተናግድም» ይላሉ፤ እትዬም በዓቢይ ጾም ሲጃራ ይዘው ካዩዎት አዝነው ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህን ሰው በመጀመሪያው ቀን በክስ ወረቀት መጥራት ሥራውንም ዝምድናውንም ያቃጥላል። ወሎ የአበጋር፣ የባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ፣ አገር ነው፤ ደም እንኳ በሽማግሌ የሚደርቅበት አገር ነው። ሁለት የሚከበሩ ሰዎች ልኮ «ልጁ ጥፋት አላጠፋም፣ በሥራ ላይ አያጨስም፣ ከእንግዳዎ ፊት አያጨስም» ብሎ ማስነገር ብዙ ጊዜ በሦስት ቀን ያልቃል።

ሽምግልና ወጪ የለውም፤ ፈጣን ነው፤ ፊት ለፊት ያስታርቃል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሽማግሌ ከሕግ በላይ ሊያስፈርምዎ ይችላል፤ «ከእንግዲህ ቤቴም ቢሆን ካጨስሁ ያለ ካሳ እወጣለሁ» የሚል ወረቀት ሲፈርም ያየሁት ወጣት አለ። የሥራ ቦታውን የሚመለከት ቃል ይግቡ፤ የቤትዎን ግን አይፈርሙ። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሽምግልና የሕግን ሰዓት አያቆምም። ሽማግሌ በተቀመጠ ቁጥር ቀጠሮ እየተላለፈ ሁለት ወር ሊሄድ ይችላል፤ ከስንብቱ ሦስት ወር ካለፈ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ አይሰማም። ስለዚህ ሽምግልናን ከተባረሩ በኋላ ከጀመሩት ቀኑን ወስነው ይግቡበት፤ አንድ ወር በቂ ነው።

የማኅበሩ አቤቱታ፦ ከደብዳቤው በፊት

ፋብሪካ ውስጥ ከሆኑና መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ካለ፣ በሁሉም መንገዶች መካከል በጊዜው ከተያዘ እጅግ የሚጠቅመው ይህ ነው። በጊዜው የምለው ከስንብት በፊት፣ ገና የቃል ማስፈራሪያ ወይም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥዎ ማለቴ ነው።

ምክንያቱ ከላይ ልብ ይበሉት ያልሁት ክፍተት ነው። ማጨስ በአንቀጽ 26 ሁለተኛ ክፍል ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ቅሬታ ማቅረብ ግን አለ። በማስጠንቀቂያው ላይ ለአሠሪው በጽሑፍ ቅሬታ ካቀረቡ በኋላ ከተባረሩ ክርክሩ ሁለት እግር ያገኛል። «በማጨሴ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ተባረርሁ» ማለት ይችላሉ፤ «ቅሬታ በማቅረቤ ተባረርሁ» ማለትም ይችላሉ። ሁለተኛውን ካስረዱ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ የመመለስ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ በመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ግን ለመመለስ ወይም ካሳ ለማስከፈል ፈቃደ ሥልጣን አለው። የዚህ ልዩነት ክብደት ታች ይታያል።

ቅሬታው ረጅም መሆን የለበትም። ያጨሱበትን ሰዓትና ቦታ፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንዳልነበሩ፣ ከግቢው ምን ያህል እንደራቁ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲነሣ መጠየቅዎን ይጻፉ። አይሳደቡ። ሁለት ቅጂ አድርገው አንዱ ላይ የመቀበያ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። የማኅበሩ ጉድለት እንደየሊቀመንበሩ መለያየቱ ነው፤ ከአስተዳደሩ ጋር ቡና የሚጠጣ ሊቀመንበር አለ፤ ሌሊት ተነሥቶ ከእርስዎ ጋር የሚሄድም አለ። በመጀመሪያው ዓይነት እጅ ከወደቁ ቅሬታውን በራስዎ ስም ያስገቡ፤ ሕጉ ቅሬታ ለማቅረብ የሊቀመንበር ፈቃድ አይጠይቅም።

ተቆጣጣሪና አስማሚ

ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ» እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ሁለት የተለያየ አገልግሎት አለው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ወደ ድርጅቱ ሄዶ ሕግ መከበሩን ያያል፤ እንዲስተካከል ያዝዛል። አስማሚው ሁለታችሁንም ጠርቶ ያነጋግራል፤ ለማስማማት የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ካልተስማማችሁ ጉዳዩ አለመሳካቱን ይጽፋል።

ተቆጣጣሪው የሚሻለው ችግሩ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው ሲሆን ነው። ለምሳሌ ድርጅቱ በር ላይ ቆሞ የሠራተኛን አፍ የሚያሸት ጥበቃ ካቆመ፣ ወይም «አላጨስም» ብላችሁ ፈርሙ የሚል ቅጽ ለሁሉም ካደለ። እንዲህ ያለው ነገር ሠራተኛን በሰብአዊ ክብሩ ይነካል፤ የሠራተኛን ክብር መጠበቅ ደግሞ የአሠሪ ግዴታ ነው። ለአንድ ሰው ስንብት ግን ተቆጣጣሪ ወደ ሥራ አይመልስም፤ ይህን ሳያውቁ ሁለትና ሦስት ወር የሚመላለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አስማሚው ደግሞ አሠሪው መምጣት ሲፈልግ ብቻ ይጠቅማል። በሥልጣን ላለ አካል አቤት ማለት የይርጋ ጊዜን እንደሚያቋርጥ በአዋጁ ተጽፏል፤ ነገር ግን በዚያ ተማምኖ የሦስት ወሩን በር ማሳለፍ አልመክርም፤ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ የሚያከራክርዎ በዚሁ ነጥብ ሊሆን ይችላል።

ፍርድ ቤት፦ መመለስ ወይስ ካሳ?

የሥራ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ በወረዳ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ይግባኙ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ለሠራተኛው ትልቅ ነገር የዳኝነት ክፍያ አለመኖሩ ነው። አዋጁ የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዝዛል፤ ቀጠሮ ሲበዛ ግን ከዚያ ሊዘልቅ እንደሚችል አስበው ይግቡ። ይግባኝ ለማለት 30 ቀን አለዎት።

እዚህ ደርሶ ከባዱ ምርጫ ይመጣል። ክሱ ላይ የሚጠይቁት ምንድን ነው? በቁጥር እንየው። አራት ዓመት ያገለገለ፣ አማካይ የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ፤ በወር 6,000 ብር ገደማ ማለት ነው።

ካሳን ከመረጠና ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለ የቀን ደመወዙ 180 ጊዜ ተባዝቶ 36,000 ብር ይሆናል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር ስለሆነ 12,000 ብር ይጨመራል። የሥራ ስንብት ክፍያው ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ 2,000 ብር፤ ለሦስቱ ዓመታት 6,000 ብር። በድምሩ ስንብቱ 12,000 ብር ነው። ጠቅላላው 60,000 ብር ደረሰ።

መመለስን ከመረጠ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሊያስከፍል የሚችለው ውዝፍ ደመወዝ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ ቢበዛ 36,000 ብር። በይግባኝ ከተመለሰ እስከ አንድ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ገንዘቡ ያነሰ ይመስላል፤ ሥራው ግን ይቀጥላል፤ የአራት ዓመት አገልግሎቱም አይጠፋም።

ለወጣት፣ ሙያው በየፋብሪካው ለሚፈለግ፣ ለምሳሌ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይም ለማሽን ጠጋኝ፣ ካሳው ይሻላል እላለሁ። 60,000 ብር ይዞ በሳምንቱ ሌላ በር ያንኳኳል። ልጆች ላሉት፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ጡረታው እየቀረበ ላለ ሰው ግን መመለስን እመክራለሁ፤ በ50 ዓመት ዕድሜ አዲስ ቅጥር መፈለግ በሐረጎ ዳገት ሸክም ይዞ እንደ መውጣት ነው።

መመለስን ቢጠይቁም ፍርድ ቤቱ ካሳ ሊወስንልዎ እንደሚችል ይወቁ። አንቀጽ 43 እንደሚለው በክርክሩ ምክንያት ወይም በሥራው ባሕርይ አብሮ መቀጠሉ ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ፣ ዳኛው ካሳ ተከፍሎ እንዲሰናበቱ ማዘዝ ይችላል። አራት ሰው በሚሠራበት ሱቅ ይህ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ይመስለኛል፤ አንድ ሺህ ሰው በሚሠራበት ፋብሪካ ግን ከአለቃዎ ጋር ሳይተያዩ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ ክሱን ሲያጽፉ ሁለቱንም በአማራጭ ያስጽፉ፦ «ወደ ሥራ እንድመለስ፣ ይህ ካልሆነ ካሳና የስንብት ክፍያ እንዲከፈለኝ»። የመመለስ ጥያቄ ሦስት ወር፣ ከስንብት የሚመነጩ ክፍያዎች ጥያቄ ስድስት ወር የይርጋ ጊዜ አላቸው። የእኔ ሽመና ሠራተኛ በአራተኛው ወር የተያዘው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው።

አንድ የክርክር ምክር ልጨምር። ክሱን «በአጫሽነቴ አድልዎ ተፈጸመብኝ» በሚል ብቻ አያስጽፉ። በአንቀጽ 14 ያለው የአድልዎ ክልከላ «በማናቸውም ሌላ ሁኔታ» የሚል ሰፊ ቃል አለው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያከብራል፤ ሁለቱንም ይጥቀሱ። ዋናው ምሰሶ ግን አንቀጽ 27 ይሁን፦ «የተጻፈብኝ ነገር ከተዘረዘሩት ጥፋቶች የትኛው ነው?» ያኔ መልስ የመስጠቱ ጣጣ ወደ አሠሪው ይዞራል።

ለቅቆ መውጣት

«ክብሬን ጠብቄ ልውጣ» የሚል ሰው አለ፤ ይገባኛል። ዋጋውን ግን ይወቅ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ ከላይ ያየነው ካሳ ግን የለም። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍ ብለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት የሚያስቀምጡልዎ ስለዚህ ነው። አይጻፉ። ወደ ቤት ይሂዱ፣ ያሳድሩት።

አሠሪው በሰው ፊት ቢያዋርድዎ፣ ኪስዎን ቢያስበረብር፣ ክብርዎን የሚነካ ነገር ቢያደርግ ሌላ በር አለ። በአንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ ከስንብት ክፍያው ጋር የ30 ቀን ደመወዝ ካሳ ይከፈላል። በምሳሌያችን ካሳው 6,000 ብር ነው፤ ከ36,000 ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። መብቱም ድርጊቱ ከተፈጸመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። ይህን የምመክረው ምስክር ላለው፣ ውርደቱንም መሸከም ለከበደው ሰው ብቻ ነው። የዕለት ጉርሷ ከዚያ ደመወዝ ለሆነ፣ ልጅ ለምታሳድግ እናት ግን ታግሣ ቅሬታዋን በጽሑፍ ብታስገባ እመርጣለሁ፤ በተለይ ሴት አጫሽ ላይ የሚደርሰው ስድብ ከወንዱ ይልቅ የከፋ መሆኑን ስለማውቅ፣ ቅሬታው ላይ የተነገራት ቃል እንዳለ ቢጻፍ ጾታን መሠረት ያደረገ አድልዎ መሆኑም ሊነሣ ይችላል።

ከየት ይጀመር?

የቤተሰብ ሱቅ ወይም ሆቴል ውስጥ ከሆኑ በሽማግሌ ይጀምሩ፣ አንድ ወር ይስጡት፣ ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ። ፋብሪካ ውስጥ ከሆኑና ገና ማስጠንቀቂያ ላይ ከሆኑ ነገ ጠዋት ቅሬታ ያስገቡ። ደብዳቤው እጅዎ ከገባ ማኅበሩም አስማሚውም ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ክሱን ግን ከሁለተኛው ወር መጨረሻ በፊት ያስገቡ።

የስንብት ደብዳቤው ሲሰጥዎ የተቀበሉበትን ቀን ከፊርማዎ አጠገብ በእጅዎ ይጻፉ። ያለፈ ቀን ተጽፎበት ከመጣ «ዛሬ ተቀበልሁ» ብለው ዕለቱን ያስፍሩ። ደብዳቤ አንሰጥም ካሉ ወደ ሥራ ለመግባት በሩ ላይ ይቅረቡ፤ ሲከለከሉ ያየ ባልደረባ ስም ይያዙ። ለፍርድ ቤት የሥራ ውልዎን፣ መታወቂያዎን፣ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶች፣ የማስጠንቀቂያና የስንብት ደብዳቤውን፣ ማኅተም ያረፈበትን የቅሬታ ቅጂ፣ የዚያን ዕለት የፈረቃ መርሐ ግብር ይዘው ይሂዱ። የፈረቃ መርሐ ግብሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ እንዳልነበሩ የሚመሰክረው እርሱ ነው። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳይነሣ ዛሬውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።